የታጠበው ዘንግ

ሟቹ ወንዙ ዳር፣ አሸዋው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል፤ የምልክት ችካል የሚተከልበት መዶሻም ደሙ ሳይደርቅ አጠገቡ ወድቋል። ከማዶ የጠላት መድፍ ያጓራል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሠራዊቱ በዚሁ መልካ መሻገር አለበት።

መርማሪዋ ሻለቃ ስትደርስ ኮሎኔሉ ሽጉጡን አንድ ወታደር ግንባር ላይ ደቅኗል። ወታደሩ ገመድ ያዡ ነው፤ ከሁሉ በፊት ውሃው ውስጥ ገብቶ ገመዱን ማዶ የሚያደርሰው። ሟቹ፣ ወንዙን የሚለካው አሳሽ፣ የእህቱ ባል ነበር። ወታደሩ በሰደፍ ተደብድቦ ፊቱ አባብጧል።

«ትናንት በሰው ፊት ‹ደምህን እጠጣዋለሁ› ብሎታል» አለ ኮሎኔሉ። «የጠራሁሽ ፈርመሽልኝ እንድገላገለው ነው።»

«ይግደሉት ጌታዬ። ገዳዩ ሌላ ከሆነ ግን አብሮን ወንዝ ይሻገራል።»

ሠራዊቱ ሻለቃዋን «ወንፊት» ይላታል፤ እብቅ አታሳልፍምና። ኮሎኔሉ እያጉረመረመ ሽጉጡን ዝቅ አደረገ።

ገመድ ያዡ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ዝተህበታል?»

«ዝቻለሁ፣ አልዋሽም። እህቴን መትቶብኛል። ግን ልጆቿን አባት አሳጥቼ በየት በኩል ዓይኗን አያለሁ?»

ሬዲዮኛው ፍንጣሪ የቦጨቀውን ትከሻውን እያሳሰረ ነበር። «ሟቹ ከሰው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ» አላት ጥርሱን ነክሶ። «መድፉ አላሰማ ብሎኝ እንጂ! ‹የልጆቼ አጎት› ሲል ብቻ ነው የሰማሁት።»

«ይኸው!» አለ ኮሎኔሉ፤ ሽጉጡ እንደገና ቀና አለ።

«ትንሽ ይታገሱኝ» አለችና ችካሎቹን ወደ ተከለው መሐንዲስ ዞረች። «መልካው እንዴት ነው፣ መቶ አለቃ?»

«ደህና ነው። ውሃው ደረት አያልፍም፣ ወለሉም ጠጠር ነው። ነፍሱን ይማረውና ለክቶ ያረጋገጠልኝ እሱው ነው። የለካበት ዘንግም ያው።»

ዘንጉ ጭቃ የሚባል አልነካውም። አሳሾች ደንብ አላቸው፤ ከውሃ የወጣ ዘንግ አዛዥ ሳያየው አይታጠብም፣ የወንዙ ሆድ የሚታወቀው በላዩ ላይ ከሚቀረው ጭቃ ነውና። ወንፊት ወደ ሬሳው ተመልሳ ሱሪውን ገለጠች። ጥቁር ጭቃ ጭኑ ድረስ ተለስኗል፤ ጫማውም በጭቃ ተጠቅጥቋል። የቆመችበት ዳር ግን ንጹሕ አሸዋ ነው።

ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ወለሉ ጠጠር ከሆነ ይሄ ጭቃ ከየት መጣ? ጭቃ ከሆነስ ዘንጉ ለምን ንጹሕ ሆነ? አንድ ሰው አጥቦታል። ዘንጉን አጠበ፣ የሟቹን እግር ግን ረሳው።»

«አማቹ ነዋ!» አለ መሐንዲሱ።

«አማቹ በቂም ቢገድለው ዘንግ ማጠብ ምን ይፈይድለታል? ጭኑ ድረስ የሚውጠው ረግረግ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው እኮ እሱ ነው። ሰው የገዛ መቃብሩን ይደብቃል? ይህን ጭቃ የሚፈራው ሳይገባበት፣ ከዳር ሆኖ፣ ‹ጠጠር ነው› ብሎ ሪፖርት ያደረገ ሰው ብቻ ነው።»

«ግምት ነው!» አለ መሐንዲሱ።

«እንግዲያው ገመዱን ያዝና ግባ።»

መሐንዲሱ ኮሎኔሉን አየ። ኮሎኔሉ በሽጉጡ አፈሙዝ ወንዙን አሳየው። ገመዱን ይዞ ገባ፤ ጉልበቱ ሲሰምጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለአዛዡ ልንገር አለኝ! እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹መጀመሪያ የሚገባው የልጆቼ አጎት ነው› ብሎ ጮኸብኝ። ዞሮ ሲሄድ መዶሻው እጄ ላይ ነበር።» ወደ ኮሎኔሉ ዞረ። «እርስዎን ፈርቼ ነው! ለተሳሳተ ሰው ከጥይት ሌላ መቼ ያውቃሉ?»

«ፍርድ ቤት ይቅረብ!» ብላ ወንፊት የኮሎኔሉን ክንድ አፈፍ አደረገች። ዘገየች። ጥይቱ የመሐንዲሱን ጉሮሮ በሳው፤ ውሃው ቀላ፤ ጭቃው እግሩን ስለያዘው ሬሳው እንኳ አልሄደም፣ እዚያው ተወዘወዘ። ወንፊት ንዴት አንገበገባት፤ ወንዙ ውስጥ ለተገደለው ሰው ኮሎኔሉን ማን እንደሚከስስ አላወቀችም።

ወደ ገመድ ያዡ ዞሮ ያየ የለም። እየዳኸ የእህቱ ባል ዘንድ ደርሶ፣ በራስ ቁሩ ውሃ ቀድቶ፣ ጭቃውን ከእግሩ ላይ ያጥብ ጀመር።

«ጋሼ» አለ፣ ባበጠ ከንፈሩ፣ «እኔ እኮ ዝቼብህ ነበር።»

አንዱን እግር አጥቦ ሳይጨርስ፣ ሌላ መልካ ፈልጉ የሚል ትእዛዝ መጣ።