የብርማው ዋላ ፈለግ

በሰንደራ ምድር ያሉ ምንጮች ሁሉ በአንድ ማለዳ ደም ቀላቅለው ፈለቁ። የምንጮቹ ጠባቂ የሆነው ባለ ብር ቀንዱ ዋላ በአልጋ ወራሹ የስሕተት ፍላጻ ቆስሎ ጫካ ገብቶ ነበርና። ሳይገኝ በስቃይ ቢሞት ምንጮቹ ለዘላለም እንደሚደርቁ ሕፃን ሽማግሌው ያውቃል።

ንግሥት አልማዛር ፈለግ አዳኞቿን ሰበሰበች። አዋጅ ነጋሪውም የጥንቱን ሕግ አሰማ፦ «የቆሰለ አውሬ ተጥሎ አይቀርም። ፈለጉን የሚመራ አንድ ውሻ ነው፤ እርሱም ከጠፍሩ አይፈታ። ጠፍር ያዡ መሣሪያ አይታጠቅ፤ ባለ ጦሩ ከኋላው ይከተል።»

ዐሥር ዓመት ፈለግ ያደነው ደርባሽ ጠፍሩን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ንግሥቲቱ ግን አልፋው ለታናሽ እኅቱ ለዘንፈላ ሰጠች።

«ጦሩ ላንተ ይሁን» አለችው። «የእርሷ ሻሎ ታጋሽ ውሻ ነው። ያንተ ነጎዶ ይቸኩላል።»

ጠፍር አያያዝ ያስተማራት እርሱ ነበር። ከንፈሩን ነክሶ ሕጉን ሊጠብቅ ከእርሷ ጋር ማለ፤ ጦሩን አንሥቶ፣ ነጎዶንም አስሮ ከኋላዋ ወጣ።

ሻሎ በቅጠል ላይ የደም ጠብታ ባገኘ ቁጥር ዘንፈላ ዞራ ፈገግ ትልለት ነበር። ያ ፈገግታ አንጀቱን ያሳርረዋል። በሦስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ከወንዝ ዳር ፈለጉ ጠፋ። ሻሎ መሬቱን እያሸተተ ሲዞር ደርባሽ ከወንዙ ማዶ ድንጋይ ላይ ደም የነካው ጠጉር አየ። ለእኅቱ አልነገራትም። ጎንበስ ብሎ ነጎዶን ፈታው።

«ወንድም ዓለም፣ ምን አደረግህ?»

«አገኝልሻለሁ» አላት፤ ድምፁ ግን ለራሱም አላማረውም።

ዋላው እዚያው ቅርብ፣ ቄጠማው ውስጥ ተኝቶ ነበር። የነጎዶን ጩኸት ሲሰማ እየተንገዳገደ ተነሣ፤ መርጋት የጀመረው ቁስሉ እንደ አዲስ እየደማ፣ ክንፋሙ ጅብ ወርጋጥ ወደሚያድርበት ገደል ሸሸ። ዘንፈላ ጠፍሯን ሰብስባ መንገዷን ቀጠለች። ብትረግመው ይሻለው ነበር።

ሲደርሱ ወርጋጥ ከሰማይ ይወርድ ነበር። ዘንፈላ በመሐላዋ ባዶ እጇን ከወደቀው ዋላ ፊት ቆመች። የወርጋጥ ጥፍር ትከሻዋን ሊይዝ አንድ ክንድ ሲቀረው ነጎዶ ዘሎ ጉሮሮው ላይ ተሰካ። አውሬው ቢያራግፈው፣ ከዐለት ቢያላትመው አልለቅ አለ።

ደርባሽ ጦሩን አነሣ። ወደ ወርጋጥ ልብ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በነጎዶ ገላ በኩል። እኅቱን አየ። ወረወረ።

አውሬውና ውሻው አንድ ላይ ወደቁ። ዘንፈላ ፍላጻውን ከዋላው ጎን ስትነቅል ደሙ ቆመ፤ ከገደሉ ሥርም የጠራ ውኃ ሲንፎለፎል ተሰማ።

በንግሥቲቱ ፊት ሲቆሙ ዘንፈላ ቀደመች፤ «ነጎዶ ማሰሪያውን በጥሶ…»

«አልበጠሰም» አለ ደርባሽ። «እኔ ነኝ የፈታሁት፤ በእኅቴ ቀንቼ።»

ንግሥቲቱ «ከእንግዲህ ጠፍር አትይዝም» ብላ ፈረደች። እጅ ነሥቶ ወጣ።

በአደባባይ ሕዝቡ የዘንፈላን ስም እየጠራ ይዘምር ነበር። አሁንም ልቡን አንድ ነገር ወጋው። ከዚያም፣ ከሁሉ ዘግይቶ፣ የእኅቱን ስም ጠራ።