በስልክ የማይነገር ቃል

ፈንታነሽ ይሻውን መጀመሪያ ያየችው ከአረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ላይ ሱቅ በከፈተች በሳምንቷ ነው። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ግባ እንጂ!»

«ወለሉን አበላሽብሻለሁ... ክብሪት እዚሁ አቀብይኝ።»

ጋፋት አካባቢ ገበሬዎችን ስለ ድንች ዘር የሚያስተምር የግብርና ባለሙያ ነው። ትምህርቱን በቪዲዮ እየቀረጸ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፤ እሷም አንዱንም ሳታልፍ ከሥሩ ትጽፍለታለች። በዓመቱ ሽማግሌ ላከ፣ ቀለበት አሰረላት። ድንች በጆንያ ያመጣላታል፤ የሱቋ ጣራ ሲያፈስ ወጥቶ ይጠግናል። «እወድሻለሁ» ብሏት ግን አያውቅም። እሷም አፍራ አልጠየቀችውም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለ። ድምፁ የይሻው ነበር።

«ፍቅሬ... እወድሻለሁ። በሞተር ሰው ገጭቼ፣ ስልኬም ተሰበረ። ሳልታሰር በዚህ ቁጥር ብር ላኪልኝ!»

ለሠርጋቸው ያስቀመጠችውን የአረብ አገር የሦስት ዓመት ላቧን ላከች። ከዚያ በባጃጅ ወደ ጋፋት ከነፈች። ይሻው ማሳ ውስጥ ድንች ይቆፍራል።

«ምነው፣ ደኅና?» አላት ደንግጦ።

«ሰው ገጨሁ አላልከኝም?»

«እኔ? ኧረ ዛሬ ስልክም አልነካሁ!»

«ድምፅህን አላውቀውም? ብሬን ወስደህ ትክደኛለህ?»

ቀለበቷን አውልቃ ጆንያው ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

በማግስቱ ከነጭቃው ደጃፏ ላይ ቆመ።

«ፖሊስ ጣቢያ ጠይቄ መጣሁ። ሌቦቹ ድምፄን ከድንቹ ቪዲዮ ወስደው፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የፈለጉትን ያናግሩታል። አንቺ የምትጽፊልኝንም አንብበው ስልክሽን ከገጽሽ አግኝተዋል። ሌሎችም ተታለዋል አሉኝ... ግን ፈንቱ፣ እኔ ብር ስጪኝ ብዬሽ አውቃለሁ? እንዴት አመንሽው?»

ፈንታነሽ አቀረቀረች።

«‹እወድሻለሁ› አለኝ። አንተ ብለኸኝ ስለማታውቅ... እሱን ስሰማ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ።»

ይሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ከነጭቃው ወለሉን ረግጦ ገባ።

«እ... እወድሻለሁ።»

ድምፁ ሻከረ፣ መሃል ላይም ተቆረጠ። እንደ ስልኩ አላማረም። እንባዋ ግን መጣ።

«ይህን በስልክ መቼም አልልሽም» አላት ቀለበቱን ከኪሱ እያወጣ። «ልልሽ ስፈልግ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ። በስልክ ከሰማሽው ሌባ ነው፤ ዝጊበት!»

ፈንታነሽ ጣቷን ዘረጋችለት።

ብሩ አልተመለሰም። ሠርጉ በጥር ያለ ድንኳን፣ በድንች ወጥ ተደገሰ። ዛሬም ይሻው ከማሳ ሲደውል የሚያወራት ስለ ዝናቡና ስለ ድንቹ ነው።

«ሌላስ?» ትለዋለች እየሳቀች።

«ሌላውን ስመጣ!»