አንድ ሲቀነስለት የሚፈርሰው ቁጥር

«ገጽ ዘጠና። ከስምንት ሰዓት በፊት ለእርግቧ።»

ዶን ኦሬስቴስ አሮጌውን መጽሐፍ ሲያቀብላት በምራቅ የራሰ ጣቱ እጇን ነካት። ኤልቪራ በቀሚሷ ጠረገችው። የሞንቴቪዴዮ የእሁድ ገበያተኛ እሱን መጽሐፍ ሻጭ፣ እሷን የሒሳብ መምህርት ብሎ ያውቃቸዋል። ሁለቱ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወታደሮቹን መንግሥት ሰልለዋል።

እርግቧ ዴልያ ናት፤ የጦር ሰፈሩ ጸሐፊ። የታፈኑት ሰዎች የት እንደታሰሩ የሚናገር ዝርዝር እጇ ገብቷል። ገጽ ዘጠና ላይ ባለው ባለ አርባ አሃዝ ቁጥር ቆልፋ በሬዲዮ ልትልከው ነው። ቁልፉ ከተፈታ ላኪዋ ትታወቃለች።

ከታወቀች ትሞታለች።

የኤልቪራ ሥራ ማድረስ ብቻ ነበር። ግን የመምህር እጅ እርሳስ ካገኘ አያርፍም፤ መጠጥ ቤት ገብታ ቁጥሩን መፈተሽ ጀመረች። ብቸኛ ቁጥር ነው ተብሏል፤ ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። በትንንሾቹ ሁሉ ሞከረችው። ወይ ፍንክች!

አንድ ቀነሰችለት።

ለሁለት ተካፈለ። ለአምስት፣ ለሦስት፣ ለሰባት፣ እንደገና ለሦስት። ሁለት ወረቀት ሞላች። መጨረሻ ላይ የቀራት አስራ ሦስት ብቻ ነበር።

ጥሩ ቁልፍ እንዲህ አይፈርስም፤ አንድ ሲቀነስለት ቢያንስ አንድ ግዙፍ፣ የማይሰበር ፍሬ ይተርፈዋል። ይህን ግን ጉዱን የሚያውቅ ሰው ፍርፋሪውን እየለቀመ በአንድ ጠዋት ይከፍተዋል። በአጋጣሚ የሚገኝ ቁጥርም አይደለም። ቁጥሩን የሚመርጠው ደግሞ ኦሬስቴስ ነው።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! መጽሐፉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

ዴልያን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገኘቻት።

«ቁጥሩ ቀርቷል። ዝርዝሩን ጡት መያዣሽ ውስጥ ሸጉጪና በዘጠኝ ሰዓቱ መርከብ ውጪ።»

«አንቺስ?»

«ሽማግሌውን ላጫውተው። ሂጂ አልኩሽ!»

ኦሬስቴስ ከመጽሐፎቹ መሃል ተቀምጦ ጠበቃት።

«አደረስሽ፣ ልጄ?»

«አድርሻለሁ፣ ዶን ኦሬስቴስ።»

በእርሳስ የጠቆሩ ጣቶቿን አየ። ፈገግ አለ። ቅሉ ውስጥ ባለው፣ እንደ ሻይ በሚጠጣው የማቴ ቅጠል ላይ ፍል ውሃ ቀዳና የመጀመሪያውን ዘረጋላት።

የመጀመሪያውን።

በዚህ ከተማ መራሩን የመጀመሪያ ቅል የሚጠጣው ቀጂው ራሱ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። ኦሬስቴስ በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን እንኳ አልሳተም።

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«ጨጓራዬን አሞኛል።»

«ጠጣ!»

አንቱታው እዚያው ቀረ። ቅሉን ወደ አፉ አስጠግቶ መለሰው።

«የፈለጉት ልጅቷን ብቻ ነው» አለ እየተለማመጠ። «እኔን ላይነኩኝ ቃል ገብተውልኛል። ሽማግሌ ነኝ እኮ፣ ኤልቪራ።»

«ታቅለሸልሸኛለህ።»

ከወደቡ የመርከቡ ጩኸት ተሰማ። ኤልቪራ ቅሉን ተቀብላ እግሩ ሥር ደፋችውና ሕዝቡ መሃል ገባች። ወደ ቤቷም ወደ ማስተማሪያ ክፍሏም አልተመለሰችም።

በወሩ ዝርዝሩ በውጭ አገር ጋዜጦች ወጣ። እሷ በዚያን ጊዜ በሌላ ስም፣ ሰሜን ጠረፍ ላይ ባለ የአሳ ማጽጃ ቤት በር ላይ ቆማ ሥራ ትጠይቅ ነበር።

«ስንት ክፍል ደርሰሻል?» አለቻት ቀጣሪዋ።

«ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም።»

ቢላዋ ሰጠቻት።