በንግሥቴ ደረት ላይ የተገኘችው ቀዳዳ

ኢንስፔክተር ባንተአምላክ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሲጠራ ንግሥቴ አርፋለች። ከቡሬ ሲያመጧት መንገድ ላይ ነው ነፍሷ የወጣችው። ሚሊኒየሙ በገባበት ዓመት ነበር። ሐኪሙ የግራ ጡቷን አሳየው፤ አብጦ ጠቁሯል፤ መካከሉ ላይ ክብና ጠባብ ቀዳዳ አለ።

«ከሥሩ የቆየ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አለ» አለ ሐኪሙ። «ውስጡ ጡት ለማሳደግ የሚገባ የሲሊኮን ከረጢት ነው። ይህን ያስገባች ሴት ዕድሜ ልኳን ክትትል ያስፈልጋታል። ሊቀደድ፣ ዙሪያው ሊያመረቅዝ፣ ከዓመታት በኋላም መቀየር ሊኖርበት ይችላል። ስትታመም አስቀድማ መናገር ያለባት እሱን ነው። እሷን ግን አንድ ሰው እባጭ መስሎት ወግቷታል። የገደላት በዚያ ቀዳዳ የገባው ተሕዋስ ነው።»

ቡሬ ላይ ሽማግሌው ወጌሻ ላቀው ታስረው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እሳቸው ወጓት ብሏል።

«አያ ላቀው፣ በምን ወጓት?»

«እኔ በእጄ አሻለሁ እንጂ ብረት ይዤ አላውቅም፣ ጌታዬ። ስጠራ ተወግታ ነው ያገኘኋት። ‹ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት› ብዬ ወጣሁ። የሚያምነኝ ጠፋ እንጂ።»

ባንተአምላክ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደ። የሟች ባል አሸናፊ እህል ነጋዴ ነው፤ ሚስቱ ስትታመም ዱርቤቴ ገበያ ነበር።

«ጡቷን እንደተሠራች ታውቅ ነበር?»

«ከየት አውቄ? ሳገባት ‹ደረትሽ የወንድ ነው› እያልኩ እቀልድባት ነበር። ቤይሩት ሠርታ ስትመለስ ሞልታ መጣች። የአረብ አገር ምግብ ነው አልኩ። ደስም አለኝ።» ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ቤይሩት አብራት የነበረችው ጓደኛዋ ያምሮት ቀጠለች። «ትኩሳት ነበረባት፤ ሌላ አላውቅም። እኔማ ገና ሲጀምራት ‹የቤይሩቱ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ› ብያት ነበር።»

ኢንስፔክተሩ የአሸናፊ እናት እማማ እጅጉ አጠገብ ያለውን ጅምር ሰፌድ አነሣ። ስፌቱ ጥብቅ ነው፤ የመጨረሻው ዙር ብቻ ላልቶ ተንጋዷል።

«እማማ፣ ይኼን መቼ ሰፉት?»

«ሳስታምማት፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ።»

«ወስፌዎስ?»

«ጠፋብኝ፣ ልጄ። በጆንያ መርፌ ነው የቀጠልኩት።»

በማግስቱ ላቀውን አስመጥቶ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀመጠ።

«ቀዳዳዋ ክብ ናት፤ የምላጭ ሥራ አይደለችም። አያ ላቀው ብረት እንደማይዙ ያሿቸውን ሰዎች ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አሸናፊ ዱርቤቴ ነበር። ያምሮት ከረጢቱን ታውቃለች፤ ለተራ ትኩሳት ቤይሩት የሚደውል የለም። ያወቀ ሰው ደግሞ አይወጋውም። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ እማማ። እባጭ መሰለዎት፤ ወስፌው በእጅዎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለሰፌድዎ እንኳ አልተገኘም።»

እማማ እጅጉ አልካዱም። «በአረቄ አጥቤ ነው የወጋኋት። መግሉ ወጥቶ ያርፍላታል ብዬ ነበር። ሲብስባት ወስፌውን ሽንት ቤት ጣልኩት። አያ ላቀው ሲታሰሩም ዝም አልኩ።» ወደ ያምሮት ዞሩ። «ምናለ ብትነግሪኝ፣ አንቺ ልጅ?»

«ማተቤን አስይዛ አስምላኝ ነበር፣ እማማ። ተመልሼ ስመጣም ወግተዋታል።»

«አያ ላቀው፣ ነጻ ነዎት» አለ ኢንስፔክተሩ።

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «እኔ ሳያት ውኃ ለምናኝ ጠጥታለች። ሆስፒታል ውሰዷት አልኳችሁ። ለምን ያን ዕለት አልወሰዳችኋትም?»

እማማ እጅጉ መሬት መሬት እያዩ፣ «ሐኪሙ ማን ወጋት ይለኛላ» አሉ።

ያምሮት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። «እኔንም ምን ነበረባት ይለኛል ብዬ።»