የአያ ደሴ ሁለተኛ ዓይን

ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያወራ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ጎንደር ተወልጄ አድጌ፣ በግንቡ ጥግ ብቻዬን እያመሸሁ አንድም ቀን የማላውቀው ኮቴ ሰምቼ አላውቅም፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ወድጄ እንዳይመስላችሁ።

ጓደኛዬ ሙሉቀን በጆንያ፣ በሽቦና በቀለም የመንገድ ሰዎችን ሥዕል ይሠራል፣ እኔ ግጥም ልጽፍ አራዳ ገበያ ስቀመጥ እሱ አጠገቤ ሆኖ ይነድፋል። ከሁሉ የወደድናቸው ጃንጥላ የሚጠግኑትን አያ ደሴን ነበር፣ አቀርቅረው ስለሚሰፉ ሁልጊዜ የምናያቸው በጎን ነው፣ ሙሉቀንም እንደዚያው በጎን ሠራቸው፣ ካፖርታቸውን ከአሮጌ ጃንጥላ ጨርቅ አድርጎ።

ሙሉቀን ሥራዎቹን ለሚያሳይበት ኤግዚቢሽን አንድ ቀን ሲቀረው አባቱ ወደ መሥሪያ ክፍሉ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሳሉ ሰው ናቸው፣ በእሳቸው ሙያ ጻድቅ የሚሳለው ሁለት ዓይኑ እየታየ ነው፣ በጎን፣ ባንድ ዓይን፣ የሚሳሉት ሰይጣንና ክፉ ሰው ብቻ ናቸው። ሥዕሉን ቀርበው አዩና፣

«ምነው ልጄ፣ እኒህ ሰው ምን በደሉህ?» አሉ።

ሙሉቀን ያየሁትን ነው የሠራሁት ብሎ ተከራከረ፣ እሳቸውም ይህ በተሰቀለበት አዳራሽ እንደማይገቡ ነግረውት ወጡ። ፊቱን ብታዩት፣ እመኑኝ፣ ያን ሁሉ የደከመው አባቱ አንድ ቀን ሥራው ፊት ቆመው እንዲያዩለት ነበር።

አመሻሹ ላይ ዝናብ መጣ፣ መብራት ጠፋ፣ በሩን ቀርቅረን ተቀመጥን። በቆርቆሮው ጩኸት መሀል ሌላ ድምፅ ሰማሁ፣ መርፌ ጆንያ ሲበሳ፣ ከዚያ ረጅም ክር ሲሳብ፣ ደግሞ ሲበሳ።

«በጨለማ ትሰፋለህ እንዴ?» አልኩት።

«አንተ መስለኸኝ ነው ዝም ያልኩት» አለ፣ ድምፁ ከጎኔ ነበር፣ የመርፌው ድምፅ ግን ሥዕሉ ካለበት ከወዲያኛው ግድግዳ።

መብራት ሲመጣ ከአያ ደሴ አፍንጫ ወዲያ፣ ባዶ ጆንያ በነበረበት፣ አረንጓዴ የካፖርት ቁልፍ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፣ ያ ፊት ዞሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ሳላስበው ተነሥቼ ቆምኩ፣ ሽማግሌ ሲገባ እንደሚነሡት።

በማግሥቱ ሙሉቀን ለምኖ አባቱን ወደ አዳራሹ አመጣ። ሥዕሉ ፊት ሲደርሱ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ፣ ረጅም ጊዜ ቆሙ፣ መቼ እንዳስተካከለው ሲጠይቁት ሙሉቀን እጄን ይዞ ወደ በሩ ጎተተኝ።

ከዚያ ወደ አራዳ ሮጥን። አያ ደሴ አቀርቅረው ይሰፋሉ፣ የካፖርታቸው ቁልፎች አረንጓዴ ናቸው፣ የላይኛው የለም። አፌን ሳልከፍት ቀና አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩን።

«አሁን ሸጋ ነው» ብለው ወደ መርፌያቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሰውን በጎን አይቼ መጻፍ አልሆነልኝም፣ እስኪዞር እጠብቃለሁ፣ ሲዞር ደግሞ እፈራለሁ።