ከጀልባዋ ሥዕል ሥር የተሰማ ድምፅ

«ድርጭት» ከአዳራሹ በር ላይ ቆማ ለጎብኚዎች ፈገግ አለች።

«ድርጭት» የምሥጢር ስሟ ነው፤ ሰው የሚያውቃት በሙዚየሙ የታሪክ ጸሐፊነቷ ነው። ከሥዕሉ ሥር ያለውን ምልክት በስልኩ ያነሳ ጎብኚ ታሪኩን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። እሷ ትጽፋለች፤ ቅጥር ተዋናይ ያነብባል። ለዛሬ ብላ በጀልባዋ ሥዕል ታሪክ ላይ «ወደ ፀሐይ መውጫ ቀዘፈች» የሚል አስቀድማ አስፈቅዳ ጨምራለች። በድብቅ የምታስመልጠው ሐኪም ይህን ሲሰማ በአዳራሹ ምሥራቃዊ በር ወጥቶ ከአገር ይሸሻል። የእስረኞችን አስከሬን መርምሮ እውነቱን የተናገረ ሰው ነው። ከተያዘ አለቀለት።

የማምለጫውን በር ከእሷና ከሐኪሙ ሌላ የሚያውቅ የስውር ሥራዋ አለቃ «ጋሼ» ብቻ ነው። የሐኪሙን መልክ ግን አያውቅም።

ጋሼ ጀልባዋ ፊት ቆሞ ነበር። መምጣት አልነበረበትም። ማዳመጫውን አውልቆ ለሁለት ጎረምሶች ምሥራቁን በር በአገጩ ጠቆማቸው። ሄደው በሩ ላይ ቆሙ።

ሸጧቸዋል።

ለካ በጎቹን ሲጠብቅ የኖረው ጅብ ነው።

ሐኪሙ ጀልባዋ ጋ ሊደርስ ነው። ብታናግረው ለጋሼ ታሳየዋለች። የተዋናዩን ንባብ መቀየር የሙዚየሙን ኃላፊ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ የማይጠይቀው ጎብኚዎች የራሳቸውን ታሪክ የሚቀዱበት ጠባብ ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያ የተቀዳው ወዲያው ከዋናው ታሪክ በፊት ይሰማል። ሐሳቡን ያመጣች ጊዜ ኃላፊው «ሰው ሁሉ ተራኪ ሊሆን ነዋ» ብሎ ስቆባት ነበር።

ገባች።

«ይቺን ጀልባ ሳይ አባቴ ትዝ ይለኛል» አለች፣ ሐኪሙ በሚያውቀው በራሷ ድምፅ። «ፀሐይ መውጫው ማዕበል ነበር። በመጣበት ተመለሰ። ዳነ።»

በክፍሉ መጋረጃ ስንጥቅ አየችው። ሐኪሙ ሰማ።

ከዚያ እንደ ሰለቸው ጎብኚ እያዛጋ በገባበት በር ወጣ።

ጋሼ መጠበቁ ሲረዝምበት ማዳመጫውን መልሶ አጠለቀ። ፊቱ ጠቆረ።

መጋረጃው ተገለጠ።

«የት ሄደ?»

«ማን?»

«አትቀልጂብኝ፣ የኔ ልጅ። ድምፅሽን ሰምቻለሁ። ብታመልጪኝም ከእናትሽ ቤት አላጣሽም።»

ያኔ አንድ አስጎብኚ ብዙ ሰው አስከትሎ አዳራሹን ሞላው። በጋሼ ክንድ ሥር ሾልካ መሀላቸው ገባች። ጎረምሶቹን ሲጣራ ሰማችው። ዞራ አላየችም።

አውቶቡስ ውስጥ ሲም ካርዷን ሰበረችው። እናቷ ራት አቅርበው ይጠብቋታል። ነገም፣ ከነገ ወዲያም።

አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ምን እንደምትሠራ ጠየቋት።

«ሥራ ፈላጊ ነኝ፣ እማማ» አለች፣ ድምፅዋን ቀጠን አድርጋ።