የገብረወልድ ፌንጣ

የሟቹ መዳፍ ላይ አንድም ጭረት አልነበረም። መቶ አለቃ ኢተፋ ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ አየው፤ ከዚያ የራሱን መዳፍ ገልብጦ አየ። ወጣትነቱን በሞተረኛ ፖሊስነት የጨረሰ ሰው ነው፤ አስፋልት ያልላጠው የመዳፉ ጎን የለም። ከሞተር የሚወድቅ ሰው ሳያስበው እጁን እንደሚያስቀድም ያስተማረው የገዛ ቆዳው ነው።

አስከሬኑ ከአዳማ ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ፣ አዋሽ ድልድይ ሳይደርሱ ካለው ኩርባ ሥር፣ ድንጋይ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። የኋላ ራሱ ተፈርክሷል። ሟቹ ገብረወልድ ነው፤ ደራ ያለው የመንግሥት ምርጥ ዘር መጋዘን ኃላፊ፣ ሰው ሲታማ ተነሥቶ የሚሄድ ጨዋ። በዚያ በ1972 ዓ.ም.፣ ሰው ከጥላው ጋር በሚጣላበት ዘመን፣ ጠላት አለው ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። ሞተሩ ከእሱ ከፍ ብላ የግራር ቁጥቋጦ ይዟት ተንጠልጥላለች። ኢተፋ ሌላ ሰው ሳይነካት በእሾሁ መካከል እጁን ሰድዶ ዳሰሳት። የቤንዚኗ ቧንቧ ተዘግቷል፤ ማርሿ ዜሮ ላይ ነው። እጁ ደምቶ ወጣ።

«ሁሉንም ያየሁት እኔ ነኝ» አለ የሟቹ ምክትል አስፋው፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ። አሸዋ ጫኞች ጩኸት ሰምተው ከወንዙ ሲወጡ ያገኙት እሱን ብቻ ነበር። «አዳማ አድሬ ነበር፤ መውጫው ላይ አፈናጠጠኝ። ፌንጣን መቼም እርስዎም ያውቋታል። ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ስትዘልብን ነው የመጣነው። እዚህ ስንደርስ ጠጠሩን አየና ‹ውረድ፣ ቀስ ብዬ ላሳልፋት› አለኝ። ወረድኩ። በአንደኛ ማርሽ ትንሽ ጋዝ ሲሰጣት፣ ዘለለችና ይዛው ገደል ገባች።»

ፌንጣን የማያውቅ በእርግጥ አልነበረም። ለሞተሯ ይህን ስም ያወጣላት የደራ ገበያተኛ ነው። በፍጥነት ስትሄድ ጨዋ ናት፤ ቀስ በይ ሲሏት ነው አመሏ የሚነሣው። ነጂው ጋዙን በስሱ ሲጠመዝዝ መጀመሪያ እንዳልሰማ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ድንገት ትወረወራለች፤ ሲመልሰው ደግሞ በአፍንጫው ልትደፋው ትደርሳለች። እንቁላል የያዘች ሴት ድምጿን ስትሰማ መንገድ ለቃ ትቆማለች።

«ትናንት ከሰዓት እንኳ ኑሬ ጋራዥ ነበረች» አለ አስፋው ቀጥሎ። «ሰውየው ነካክቶ አባሰባት።»

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተናጋሪዋ ቀድማ አዳማ ገባች። ኢተፋ አስከሬኑንና ሞተሯን አስጭኖ ሲመለስ፣ ካድሬው ጓድ ኃይለየሱስ መካኒኩን ኑሬን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ አስገብቶት ጠበቀው።

«በመንግሥት ንብረት ላይ አሻጥር ሠርቶ የመንግሥት ሠራተኛ ገድሏል» አለ ኃይለየሱስ። «ነገ ረፋዱ ላይ ወደ በላይ አካል እናስተላልፈዋለን።»

በላይ አካል የተባለው ምን እንደሆነ ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ የሚመለሰው ልብስ ብቻ ነው። የጣቢያው በር ላይ የኑሬ ሚስት ከሪማ ምሳውን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ቆማለች። ኢተፋን ስታየው ዓይኗን ተከለችበት። እሱም በችኮላ አልፏት ወደ ውስጥ ገባ።

«ፌንጣን ምን አደረግካት?»

«አዳንኳት» አለ ኑሬ፣ እስር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ።

«ከዚህ በፊትም አድኛታለሁ ብለህ ነበር አሉ።»

«ብዬ ነበር። ካርቡራቶሯን ስፈታ ስገጥም ከረምኩ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ትናንት የጋዟን እጀታ ስጠመዝዘው ባዶውን ሲሄድ ተሰማኝ። ካቦው፣ ከእጀታው ጋዝ የሚስበው ሽቦ፣ ላልቷል። እጅ ይዞራል፣ ሞተሩ አይሰማም፤ ከዚያ በአንዴ ይነጠቃል። የኋላ ጎማዋን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ ካቴናውም፣ ልል ነው፤ እሱም ከተኛበት ተነሥቶ ይመታል። ሁለቱን ልክ በልክ ወጠርኳቸው፣ ጋዝ ሳይሰጧት የምትዞርበትን ሚኒሞዋንም ትንሽ ከፍ አደረግኩት። አሁን ሰው በእግሩ ከሚሄደው ቀስ ብላ ትሄዳለች።»

«ማን አየ?»

«ጋሽ ገብረወልድ ብቻ። ጓሮዬን ዞሩባትና እንደ ልጅ ሳቁ። ‹ነገ ደራ ገበያ መካከል ገብቼ ጉድ አሳያቸዋለሁ፤ እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል› አሉኝ። ለጓድ ኃይለየሱስ ነገርኳቸው፤ ‹መካኒክ ሁሉ ሠራሁ ነው የሚለው› አሉ።» ኑሬ ድምፁ ተሰበረ። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ነው፣ መቶ አለቃ።»

ኢተፋ መፋቂያውን እያኘከ ወጣ። መቀመጥ አይሆንለትም፤ ነገር ሲጠናበት እግሩ ነው የሚያስበው። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያሽከረከረ ፊቱ ላይ ይበትናል፣ እሱም ነፋሱን ይሳደባል።

ሟቹ ቤት ዋይታ አልነበረም። ገብረወልድና ሚስቱ በላይነሽ ጴንጤዎች ናቸው፤ ወዳጆቻቸው በር ዘግተው፣ ቀበሌ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። በላይነሽ ወደ ጓዳ ወሰደችው።

«ትናንት ማታ እንዴት ነበር?»

«ሁለት ዓይነት ነበር» አለች። «ልብሱን ሲያወልቅ ብቻውን ይሥቃል፤ ‹ምንድን ነው?› ስለው ‹ነገ ትሰሚያለሽ› ይላል። ራት ላይ ደግሞ ያዝናል። ‹አንድ የማምነው ሰው ስቷል፤ ሳልከሰው ብቻውን አግኝቼ ልምከረው› አለኝ። እኛ ዘንድ ደንቡ እንዲያ ነው፤ የበደለን ሰው መጀመሪያ ለብቻ ነው የምንወቅሰው።»

«ማን እንደሆነ አልነገረዎትም?»

«እሱ ሰው ያማል?» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈንድታ አለቀሰች።

ደራ መጋዘን በር ላይ ሽማግሌው ዘበኛ ገመቹ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ገመቹ?» አላቸው ኢተፋ።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና ነን» አሉ፤ ፊታቸው ግን ደህንነት የለበትም። ብዙ ከተለመኑ በኋላ ነው የተናገሩት። «ረቡዕ ማታ የነጋዴ መኪና ዘር ሲጭን ኃላፊው ድንገት መጡ። ሞተራቸውን አቆሙ፣ ወረዱ፣ ቧንቧዋን ዘጉ፣ ቆመው አዩ። ምንም ሳይሉ ተመልሰው ሄዱ።»

«ቧንቧዋን ዘጉ አሉኝ?»

«ሁልጊዜ ነው! ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ጠብታ እንዳይፈስ ይሰስታሉ። ለሰላምታ እንኳ ከወረዱ ይዘጋሉ። እንሥቅባቸው ነበር።»

«መኪናውን ማን አስጫነው?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «እኔ በር ነው የምጠብቅ፣ ቁልፍ የለኝም። ቁልፍ ያላቸው ኃላፊውና ምክትላቸው ናቸው። ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ፣ ተዉኝ።»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሁሉም ጣቢያው ግቢ ተሰበሰቡ። ኑሬ እጁ ታስሯል። ከሪማ ከበሩ ውጭ፣ በላይነሽ በጥቁር ልብስ ጥላው ሥር፣ ገመቹ ከኋላ፣ አስፋው ከፊት። የጓድ ኃይለየሱስ ላንድሮቨር ሞተሩ እንደተነሣ እስረኛውን ይጠብቃል። ፌንጣ በዘብ ስትጠበቅ ካደረችበት ጥግ ወጥታ መካከል ላይ ቆማለች፤ መስታወቷ ተሰብሯል፣ መሪዋ በትንሹ ጠሟል።

«ጓድ፣ መኪናውን ቢያጠፉልን?» አለ ኢተፋ። «ቤንዚን በኩፖን ነው።»

ኃይለየሱስ ፊቱን አጨፍግጎ ምልክት ሰጠ፤ ግቢው ጸጥ አለ።

«ከመዳፍ ልጀምር» አለ ኢተፋ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ። «ከሞተር የተፈናጠረ ሰው መዳፉ ሳይላጥ የኋላ ራሱ ብቻ አይፈርስም። በአንደኛ ማርሽ ላይ ነበረች፣ አይደል፣ አቶ አስፋው?»

«አዎ። ባይኔ አየሁ።»

«እኔ ግን ዜሮ ላይ ነው ያገኘኋት።»

«ይህ ምን ያስደንቃል?» አለ ኃይለየሱስ። «ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን ሁላችንም በዜሮ አይደል የምንወርደው?»

«ልክ ነዎት፣ እኔም እወርዳለሁ። ግን ዜሮ ላይ ያለች ሞተር ጋዝ ቢሰጧት ትጮኻለች እንጂ አትዘልም። እሺ፣ ስትወድቅ ወጥቶ ይሆናል እንበል። ቧንቧዋስ? ተዘግቶ ነበር። ቧንቧ ተዘግቶ ከአዳማ እዚያ ኩርባ አይደረስም፤ መውደቅም አይዘጋውም፣ ጣት ነው የሚዘጋው። ኦቦ ገመቹ፣ ኃላፊው ቧንቧ የሚዘጉት መቼ ነበር?»

«ሲወርዱ» አሉ ሽማግሌው። «ሁልጊዜ፣ ሲወርዱ።»

«እንግዲያው ገብረወልድ አልወደቀም፤ በሰላም ቆሞ በእግሩ ወርዷል። ቆሞ የሚያነጋግረው፣ የሚያምነው ሰው አግኝቶ ነው።»

አስፋው መሐረቡን ጨመቀ። «ምናልባት እኔን ሲያወርደኝ ዘግቶ ይሆናል። ረስቶ በዚያው ተነሣ...»

«ይሆናል» አለ ኢተፋ፣ ሁሉም በመገረም አዩት። «እንግዲህ የቀረን ምስክር ፌንጣ ናት። ከአዳማ ጀምሮ ጥርስዎ እስኪንገጫገጭ ዘለለች ብለዋል። ይፈናጠጡ።»

«ምን?»

«ከኋላዬ ይፈናጠጡ። እንዴት እንደዘለለች ያሳዩናል።»

አስፋው እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረም፤ ተፈናጠጠ። ኢተፋ ቧንቧዋን ከፈተ፣ ረግጦ አስነሣት፣ አንደኛ ማርሽ አገባ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በልማድ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ኢተፋ ጋዙን በስሱ ጠመዘዘው፤ ፌንጣም ተንቀሳቀሰች። ሰው በእግሩ ከሚሄደው ቀስ ብላ፣ ያለ አንዲት ነጠቃ፣ ግቢውን ዞረች። መለሰው፤ ረገብ አለች። ደግሞ ሰጣት፤ ተከተለች። ሁለተኛውን ዙር ስትጀምር የአስፋው ፊት አመድ መስሎ ነበር።

ኢተፋ ቆመ፣ ወረደ፤ ሳያስበው እጁ ሄዶ ቧንቧዋን ዘጋ።

«ይህች ሞተር ሐሙስ ከሰዓት ድናለች። የሚያውቁት ኑሬና ገብረወልድ ብቻ ነበሩ። ከገደሉ ካወጣኋት ወዲህ ከዚህ ግቢ አልወጣችም፤ ኑሬም ያደረው እዚሁ እስር ቤት ነው። ዓርብ ጠዋት ከገብረወልድ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ መዳኗ ነበር። አንተ ከጀርባው አልተቀመጥክም። ኩርባው ላይ ቆመህ ጠበቅከው።»

አስፋው እንደተፈናጠጠ ቀረ። «ሁልጊዜ ትዘል ነበር እኮ» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። «ሁልጊዜ ነበር የምትዘለው!»

ከዚያ በኋላ ያለውን እሱው ተናገረው። ዘሩን ለነጋዴ ሲያወጣ ረቡዕ ማታ እንደታየ አወቀ። በዚያ ዘመን ይህ ነገር ግድግዳ ላይ የሚያስቆም ነው። ዓርብ በሌሊት በጭነት መኪና መጥቶ፣ ኃላፊው ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ በሚያልፍበት ኩርባ ላይ ወረደ። ገብረወልድ ሲያየው ደስ አለው፤ ለብቻው ሊመክረው ሲፈልግ እግዜር ያገናኘው መሰለው። በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ! «‹እኔ አልከስህም፤ አንተው ሄደህ ተናገር፣ አብሬህ እሆናለሁ› አለኝ» አለ አስፋው። ለመሄድ ጀርባውን ሲያዞር ነው በድንጋይ የመታው። ሬሳውን ወረወረ፣ ሞተሯን ገፍቶ ለቀቃት፣ ከዚያ ጮኸ።

ኃይለየሱስ ጉሮሮውን ጠራርጎ «አብዮታዊ ንቃት...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ላንድሮቨሩ ባዶውን አልተመለሰም፤ አስፋውን ጭኖ ሄደ። ኢተፋ የኑሬን እጅ ራሱ ፈታው። ከሪማ ሮጣ ገባች፣ የትናንቱን ምሳ እንደተጠቀለለ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ትከሻው ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች።

በላይነሽ ወደ ሞተሯ ቀረበች፤ መቀመጫውን በእጇ ዳበሰችው። «ብቻውን ይሥቅ የነበረው ለዚህች ነው» አለች።

ፌንጣ የመንግሥት ንብረት ናትና ወደ መጋዘኗ መመለስ ነበረባት። ኢተፋ ሌላ ሰው መላክ ሲችል ራሱ ነዳት። ቅዳሜ ነው፣ ደራ ገበያ ሞልቷል። ድምጿን ገና ከሩቅ ሲሰሙ ሰዎቹ እንደ ወትሯቸው ተበተኑ፣ እንቁላል የያዙት ግድግዳ ተጠጉ። ኢተፋ ጋዙን በስሱ ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ በገበያው መካከል አለፈ። ፌንጣ አልዘለለችም። ሰዉ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እሰይ! ዳነች እንዴ?» አለች አንዲት እንቁላል ሻጭ እየሳቀች። «ገብረወልድ የታል? ምነው እሱ ራሱ ሳያሳየን?»

ኢተፋ ቆቡን ወደ ግንባሩ ዝቅ አደረገ። እንደዚያው ቀስ ብሎ መጋዘኑ በር ድረስ ነዳት።